«ኦሪጅናሏ» ላንድሮቨር የትኛዋ ናት?

ከአሮጌ መኪና ጋር የሚኖር ሰው «ኦሪጅናል» የምትባለውን ቃል ሳይሰማ አይውልም። ሶማሌ ተራ ኩሽኔታ ሊገዛ ቢወጣ ሻጩ እየማለ «ኦሪጅናል ነው» ይለዋል። ጋራዥ ቢገባ መካኒኩ «ኦሪጅናሉን ባትነኩት ይሻላል» ብሎ ይመክረዋል። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ደግሞ ይህችው ቃል አንድ ክረምት ሙሉ አኳርፋናለች።

ነገሩ የአባታችን ላንድሮቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች፣ ባለ ረጅም ሻንሲ፣ አባታችን በጨረታ የገዛት፣ እኛ ሦስት ልጆቹ ከኋላ ባለው የጎን ወንበር ላይ እየተንገጫገጭን ያደግንባት መኪና ናት። እሱ ካረፈ በኋላ የቤንዚን ሞተሯ አለቀለት፤ መለዋወጫም ጠፋ። እኔ የናፍጣ ሞተር እንግጠምላት አልሁ። ወንድሜ ግን፣ «የአባባን መኪና የሰው ሞተር ተሸክማ ከማያት ባለችበት ቆማ ብትዝግ ይሻለኛል» አለ። «ጋሼ፣ የቆመች መኪና እኮ የዶሮ ቤት ናት» ብዬ መለስሁለት። (ዶሮዎቹ በእርግጥም ገብተውባት ነበር።) ክርክሩ በዚህ ስላላለቀ ታሪኳን ከሥሩ መምዘዝ ግድ ሆነ።

ላንድሮቨርም የተወለደችው በሁለት ወንድማማቾች መካከል ነው። ሞሪስ ዊልክስ የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ፣ ታላቅ ወንድሙ ስፔንሰር ደግሞ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሞሪስ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ ለነበረው እርሻ ከጦርነቱ የተረፈች ዊሊስ ጂፕ ይጠቀም ነበር። ጂፗ እያረጀች ስትሄድ በምን ይተካት? ከሌላ ጂፕ በቀር የሚሆን ስላልነበረ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ሊሠሩ ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራችው የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪና ታዲያ ሻንሲዋ የጂፕ፣ ሞተሯ የሮቨር ነበር፤ መሪዋም እንደ ትራክተር መካከል ላይ ነበር የተተከለው። የላንድሮቨሮች ሁሉ እናት ራሷ በባዕድ ሻንሲ ላይ ባዕድ ሞተር የተጫነባት መሆኗ ነው እንግዲህ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ተረታ ማለት ግን አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የአካሏ ነገር ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይታደል ነበር፤ ቅድሚያ የሚያገኘውም ምርቱን ወደ ውጭ የሚሸጥ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ለላሜራ መጭመቂያ ውድ መሣሪያ ላለማውጣትም ጠፍጣፋና በቀላሉ የሚታጠፍ አደረጉት። የመጀመሪያዎቹ የተቀቡት ቀለም እንኳ ከጦሩ የተረፈ አረንጓዴ ነበር። ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1948) አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትታይ ኩባንያው ክፉውን ቀን እንዲያልፍባት እንጂ ብዙ እንድትኖር አላሰበም ነበር። እሷ ግን የቤት መኪኖቹን በሽያጭ በለጠቻቸው፤ ዘሯም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆኖ እስከ ጥር 2008 ዓ.ም. ሲመረት ኖረ። እጦት የወለደው ይህ አሠራር እጦት ባለበት ሁሉ ጠቀመ፤ የተጨረመተ በሯን መዶሻና እንጨት የያዘ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያቃናዋል።

በእኛም አገር ታሪክ መኪና ከመንገድ ቀድሞ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያሳያትን መኪና ከጅቡቲ ይዞ ሲነሣ የሚነዳበት አውራ ጎዳና አልነበረም፤ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን አስፋልቱ ባለቀበት የሚገባው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ጆሃንሰንና ግሬይ ድንቅነሽን ባገኙባት ዕለት ከሐዳር ሰፈራቸው የወጡት በላንድሮቨር ነው። በኋላ ቦታዋን የወሰደው ላንድክሩዘርም ቢሆን ስሙ ሲወለድ የወጣለት አይደለም፤ መጀመሪያ «ቶዮታ ጂፕ» ይባል ነበር፤ ጂፕ የሚለው ስም የዊሊስ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ተለወጠ።

ሌላም አለ። እንግሊዝ የሠራት መኪና አዲስ አበባ ጋራዥ ስትገባ የምትፈታው በጣልያንኛ ነው፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን። ወራሪው ሄዶ ቃሉ ቀረ። «ይህስ ኦሪጅናል ነው?» ብዬ ጋሼን ብጠይቀው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ።

ሥራውን የጀመርነው ከሻንሲው ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ያውም እንደ ሣጥን የተዘጋ፣ ጭቃ የሚያቁርና ከውስጥ የሚበላ። አሉሚኒየሙም ብረት በሚነካበት ቦታ፣ ርጥበት ካገኘው፣ ዱቄት ይሆናል። ሁለት ወር በብየዳ አለፈ። የእኅቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈገች፣ ጋሼ ከደጃፍ ቆሞ እያየ። እሱ መጥቶ የነካው ባሌስትራው ሲፈታ ነው። ስለ ሞተሩም አንድ ትክክለኛ ነገር ተናገረ፤ ጉልበቱ የበዛ ከሆነ የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ዘንግ ይሰብረዋል አለ። የዚህች ዓይነት መኪና ደካማ ጎኗ በእርግጥ እሱ ነው። ስለዚህ መለስተኛ የናፍጣ ሞተር መረጥን፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያጋጥመውን ወፍራም ብረትም ቶርኖ ቤት አስቀረጽን።

የፈተንናት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ነው፤ አራታችንም ተሳፍረን፣ ጋሼ መሪ ይዞ። በዝቅተኛው ማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ጋሼ ከላይ እስከ ታች ፍሬን የነካው ከስንት አንዴ ነው። «አባባ እዚህ ሲወርድ ፍሬኑ ይሸት ነበር» አለ። ስለ ሞተሩ ከዚህ በላይ አልተናገረም።

አሁን የመፍቻ ሣጥናችን ሁለት ነው። የመኪናዋ ብሎን በኢንች፣ የአዲሱ ሞተር በሚሊሜትር ስለሆነ አንዱ ለሌላው አያገለግልም። የእኅቴ ልጅ ከሥር ተኝታ «መፍቻ!» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ጋሼ «የአባባን ነው የእናንተን?» ይላታል።