ቀለምና የሕፃን እጅ

በአማርኛ ቋንቋ «ቀለም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር አንድነት ይዞ ይኖራል። ዓይን የሚያየው ቀይና ቢጫ ቀለም ነው፤ ብዕር የሚነከርበትም ቀለም ነው፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። ፊደል የለየ ሰው ቀለም ቆጠረ ሲባል፣ በትምህርቱ የላቀው ደግሞ የቀለም ቀንድ እየተባለ ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ሕፃን በቀለም መጫወቱ ወደ ቀለም ትምህርት የሚያደርስ ጐዳና መሆኑን ትምህርት ቤቶች ያወቁት ዘግይተው ነው።

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ሕፃኑ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደሉን በስንጥር እየነካ በቃሉ ያሰማል፤ ከዚያም በየደረጃው አልፎ ወደ ዳዊት ይሻገራል። እጁ የሚያመለክት እንጂ የሚጽፍ አልነበረም። ቁም ጽሕፈት ግን ብራና መፋቅን፣ መቃ ቀርጾ ብዕር ማበጀትን፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ማዘጋጀትን የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ለዚሁ የተለየ ሰው በብዙ ድካም የሚማረው ነበር። ስለዚህ ዳዊት የደገመ ሁሉ መጻፍ ይችላል ማለት አልነበረም።

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እየተስፋፋ የሄደው ዘመናዊ ትምህርት ንባብንና ጽሕፈትን በአንድ ክፍል አገናኘ። ከዚህም ጋር አንድ አዲስ ችግር ተወለደ፤ ይኸውም አእምሮው ፊደሉን ለይቶ ሳለ እጁ እርሳሱን መግዛት ያቃተው ሕፃን ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን ስንፍና ሳይኖርበት ሰነፍ መባሉ አልቀረም።

ጥፋቱ የሕፃኑ ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። የሕፃን ሰውነት መታዘዝ የሚጀምረው ከትከሻና ከክንድ ሲሆን፣ ጣቶች የሚከተሉት በኋላ ነው። የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት፤ እነዚህም በልደት ጊዜ ገና ለስላሳ ሆነው ይገኙና በልጅነት ዘመን ቀስ በቀስ ይጠነክራሉ። ስለዚህ የሁለት ዓመት ሕፃን እርሳሱን በጭብጡ ጨብጦ በሙሉ ክንዱ ይሞነጭራል፤ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት አስተካክሎ መያዝ የሚሆንለት ከብዙ ልምምድ በኋላ ነው።

ይህን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሬበል (1782–1852) ነበር። በ1837 ዓ.ም. በባድ ብላንክንቡርግ ከተማ ለሕፃናት ማሰልጠኛ ከፈተ፤ በ1840 ዓ.ም. ደግሞ «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» የሚል ትርጓሜ ያለውን ኪንደርጋርተን የተባለ ስም ሰጠው። በዚያም ወረቀት መሸመን፣ በመርፌ መውጋት፣ ጭቃ ማድቦልቦል፣ በካሬ መስመሮች ላይ መሣል የዕለት ተግባር ሆነ። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ዓ.ም. እነዚህን ቤቶች ቢዘጋም፣ እገዳው በ1860 ዓ.ም. ተነሣ፤ አሳቡም ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ።

ሥራውን ከጽሕፈት ጋር በግልጥ ያያያዘችው ግን ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። በጥር 6 ቀን 1907 ዓ.ም. በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንሶ በተባለው የድሆች ሠራተኞች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ ለሚያጡ ሕፃናት አንድ ቤት ተከፈተ። ሞንቴሶሪ ለሕፃናቱ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ይህን የመሰሉ የብረት ቅርጾች ሰጠቻቸው። ሕፃኑ የቅርጹን ዳር በባለ ቀለም እርሳስ ይከተላል፤ ከዚያም ውስጡን በመስመር ይሞላዋል። መጀመሪያ መስመሩ ጠማማ ሆኖ ከወሰኑ ያልፋል፤ ቀን በቀን ግን ይቀጥናል፣ ይቀራረባል፣ በወሰኑም ይገታል። በሌላ ሰዓት ደግሞ ሻካራ ፊደሎችን በጣቱ ይዳስሳል። እንዲህ እየሆነ እጁ ጽሕፈት ሳይጀምር ለጽሕፈት ይሰናዳል።

ሞንቴሶሪ ራሷ እንደ ተረከችው፣ በአንድ የታኅሣሥ ቀን በቤቱ ሰገነት ላይ ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጠመኔ ሰጥታ የጢስ መውጫውን እንዲሥል ጠየቀችው። ልጁ ሥሎ ከጨረሰ በኋላ መጻፍ መቻሉን በደስታ እየጮኸ ተንበርክኮ በወለሉ ላይ ጻፈ። መጀመሪያ የጻፈውም ቃል «እጅ» የሚል ነበር።

ቀለም መቀባትን ያለ ልክ ማወደስ ግን አይገባም። በ1903 ዓ.ም. በአሜሪካ ቢኒና ስሚዝ የተባለው ኩባንያ ስምንት የሰም እርሳሶችን በአምስት ሳንቲም መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ቀለም በብዙ ሕፃናት እጅ ገባ። ቪክቶር ሎውንፌልድ የተባለው የሥነ ጥበብ መምህር ግን በ1947 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሌላ ሰው የሣለውን ሥዕል ዘወትር መቀባት የሕፃኑን የራሱን አሳብ እንደሚያዳክም ተቃውሞ አቀረበ። ሁለቱም አሳብ ቦታ ቦታ አለው፤ ወሰን ያለው ቅርጽ ለእጅ መገራት ይጠቅማል፤ ባዶው ወረቀት ደግሞ ለልብ አሳብ ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከሰልና ሸክላ አፈር፣ ከካርቶን የተቈረጠ ክብ፣ የተስተካከለ አሸዋም ይበቃል። የሚያስፈልገው የመምህሩ ትዕግሥት ነው። መስመሩ ከወሰን ያለፈበትን ሕፃን መምህሩ ሲያይ ገና በመንገድ ላይ ያለ እጅ ማየቱን ያስታውስ፤ ያ እጅ ዛሬ በቀለም ቢጫወት ነገ ቀለም ይቈጥራልና።