ከአንዳሉስ መጥበሻ እስከ ማድሪድ ቁርስ

በዘይት የሚጠበሰው የስፔኑ የሊጥ ምግብ፣ ቹሮ፣ ከየት መጣ ሲባል ሁለት ወሬዎች ይቀድማሉ። አንደኛው ፖርቱጋላውያን መርከበኞች ከቻይና አመጡት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዳቦ ቤት የራቃቸው የተራራ እረኞች ፈጠሩት ይላል። ሁለቱም ጆሮ ይስባሉ እንጂ ማስረጃቸው ስስ ነው። እኔ ከሁለቱም ይልቅ የማምነው በጽሑፍ የሰፈረውን ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሙስሊሞች ይገዙት በነበረው የስፔን ክፍል በአንዳሉስ፣ በሙርሲያ የተወለደው ኢብን ረዚን አል-ቱጂቢ፣ አገሩ በክርስቲያኖቹ የካስቲያ ነገሥታት እጅ ስትወድቅ ተሰዶ ኋላ ቱኒስ ላይ ኖረ። እዚያ ሆኖ የአንዳሉስን የወጥ ቤት ጥበብ በመጽሐፍ አሰፈረ፤ በዘይት የሚጠበሱ ሊጦችም አሉበት። ቹሮ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ከእነሱ መካከል እርሾ ያላቸው አሉ፣ ቹሮ ግን የለውም። ሊጥን በጋለ ዘይት ጠብሶ በጣፋጭ የመብላቱ ልማድ ግን በዚያች ምድር ያን ያህል የቆየ ነው።

በ1492 አይሁድ፣ ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ ሞሪስኮዎች፣ ማለትም ክርስትናን እንዲቀበሉ የተገደዱት ሙስሊሞችና ልጆቻቸው፣ ከስፔን ተባረሩ። ስፋርዲ የሚባሉት እነዚህ የስፔን አይሁድ ቢሙዌሎስ የሚሉትን የሊጥ ጥብስ በሄዱበት ሁሉ ለሐኑካ በዓል መሥራታቸውን አላቋረጡም። ስፔን ውስጥም የዚሁ ጥብስ ዘመድ የሆነው ቡኙዌሎ እስከ ዛሬ ይበላል። አገር ያባረራቸውን ሰዎች ምግብ ሳያባርር መቅረቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ቹሮን ቤት ውስጥ ለመሥራት ውሃና የስንዴ ዱቄት በእኩል ስኒ ይለካል። ውሃው ከጨው ጋር ሲንተከተክ ዱቄቱ ላይ ይፈስና ጓጉሎ እንዳይቀር በፍጥነት ይማሰላል። ገንፎ ያገነፋ እጅ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ሊጡ ጥቂት በረድ ሲል አየር እንዳይገባበት ተጠቅጥቆ የኮከብ ቅርጽ ቀዳዳ ባለው መጭመቂያ ውስጥ ይሞላል።

ኮከቡ ለጌጥ አይደለም፤ ይህን አደራ እላለሁ። ሸንተረሮቹ ሊጡ ከዘይቱ ጋር የሚገናኝበትን ገጽ ስለሚያሰፉት ውስጡም ውጪውም አብሮ ይበስላል። ድቡልቡል ሆኖ ከተጨመቀ ግን ቅርፊቱ ቀድሞ ይደርቅና እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ሊጡ ፈንድቶ የጋለ ዘይት በሰው ላይ ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ የኮከብ ቀዳዳው ከሌለ ሥራው ይቅር። ዘይቱም ወደ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጋል፤ ቀዝቀዝ ካለ ቹሮው ዘይት ይጠጣል።

ቹሮ እየተነከረ የሚበላበት ቸኮሌት ግን የመጣው ከሌላ አህጉር ነው። ስፔናውያን ሜክሲኮን በ1521 ከያዙ በኋላ ካካዎን ወደ አገራቸው አሻግረው በስኳር አጣፈጡት። ማድሪድ ውስጥ በ1894 የተከፈተው ሳን ኺኔስ የተባለ የቸኮሌት ቤት ዛሬም ቹሮንና ቸኮሌትን አብሮ ያቀርባል፤ የዘመን መለወጫን ሌሊት ሲጨፍሩ ያደሩ ስፔናውያንም ንጋት ላይ ቹሮ በቸኮሌት መብላት ልማዳቸው ነው። ቤት ውስጥ ጥቁር ቸኮሌት በወተት ይቀልጥና በጥቂት የበቆሎ ስታርች ይወፍራል። ቹሮ በትኩስነቱ ካልተበላ ስለሚደርቅ፣ ሊጡ ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቸኮሌቱ በስኒ ተቀድቶ ይጠብቅ።