የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ በኤሌክትሪክ ፍላጎት አስተዳደር

የአንዱ ደንበኛ የኃይል ወጪ በሌሎች የአጠቃቀም ሰዓት ላይ ጭምር በሚወሰንበት ስማርት የኤሌክትሪክ መረብ፣ ጭነትን ከከፍተኛ ፍጆታ ሰዓት ለማሸሽ የሚያገለግል ሒሳባዊ ስልት ነው።

መሠረቱ ጆን ቮን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተሙት መጽሐፍና ጆን ናሽ በ1950 ያቀረበው የሚዛን ጽንሰ ሐሳብ ናቸው። ለቤተሰብ ፍጆታ ከዋሉት ሥራዎች በይበልጥ የሚጠቀሰው ሞህሰኒያን-ራድና አራት ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡት ጥናት ነው። በጥናቱ ተጫዋቾቹ ደንበኞች ሲሆኑ ስልታቸው መሣሪያ የሚያበሩበት ሰዓት ነው። ማንም ብቻውን ሰዓቱን ቢለውጥ የማይጠቀምበት ነጥብ የናሽ ሚዛን ይባላል። የመረቡ ወጪ ከጠቅላላው ጭነት ጋር በፍጥነት እየጨመረ የሚሄድና እያንዳንዱ ደንበኛ ከዚሁ ወጪ እንደ ዕለታዊ ፍጆታው ድርሻ የሚከፍል ከሆነ ይህ ነጥብ ከመረቡ ዝቅተኛ ወጪ ጋር ይገጥማል፤ የስልቱ ዋነኛ ፋይዳም ይኸው ነው።

በአርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ በተባለው አካባቢ አንድ ትራንስፎርመር የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች ለአብነት ይወሰዱ። እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢስብ፣ ሁለቱም ምሽት 1 ሰዓት ላይ እንጀራ ሲጋግሩ ጭነቱ 7 ኪሎዋት ይደርሳል። አንዱ ጋገራውን ወደ ረፋድ ቢያዛውር ግን ጭነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የተጋገረው እንጀራ አይጎድልም። ሆኖም በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚያድገው በወርኃዊ ፍጆታ እርከን እንጂ በሰዓት ስላልሆነ፣ ሰዓት የሚቀይር ቤተሰብ በክፍያው ላይ ልዩነት አያይም። ስልቱ እንደ አርባ ምንጭ ባሉ የጋሞ ዞን ከተሞች እንዲሠራ በሰዓት የሚለያይ ክፍያና ፍጆታን በየሰዓቱ የሚመዘግብና መልእክት የሚለዋወጥ ቆጣሪ ያስፈልጋል።