የባሕር ማሽላና የባልትና ጥበብ

እህል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የአሠራሩ ጥበብ አብሮት ካልተሻገረ በረከቱ ይጎድላል። ለዚህም የበቆሎ ታሪክ ምስክር ነው።

በቆሎ ቀድሞ የሚበቅለው በአሜሪቃ ብቻ ነበረ። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ኮሎምቦስ ወደዚያ ከደረሰ በኋላ በዓለም ተሠራጨ። ከሩቅ መምጣቱንም ስሙ ይናገራል፤ ኢጣልያኖች የቱርክ እህል ይሉታል፤ ቱርኮች በግብጽ ስም ምስር ብለው ይጠሩታል፤ በኢትዮጵያም የባሕር ማሽላ ተባለ።

የሜክሲኮ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ልጣጩንም አጥበው በድንጋይ ይፈጩታል፤ ከዚያም ቂጣ ይጋግሩታል። የኤውሮጳ ሰዎች ግን ዘሩን ወሰዱ እንጂ ይህን ባልትና አልተማሩም። ስለዚህ በሰሜን ኢጣልያ ፖሌንታ በሚባለው የበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚኖረው ድኻ ገበሬ ቈዳው ይላጥ፥ በተቅማጥ ይደክም፥ በመጨረሻም አእምሮው ይታወክ ጀመር። ሐኪሙ ፍራፖሊ በዚያው አቈጣጠር በ1771 ዓ.ም. ይህን ደዌ ፔላግራ ብሎ ጻፈው፤ ትርጓሜውም ሻካራ ቈዳ ማለት ነው።

በአሜሪቃ ጎልድበርገር የሚባል ሐኪም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ መርምሮ፥ ደዌው ከምግብ ጉድለት የመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንዳይደለ አስረዳ። የጐደለውም ኒያሲን የሚባለው ቪታሚን እንደ ሆነ በ1937 ዓ.ም. ታወቀ። ይህ ቪታሚን በበቆሎ ውስጥ ታስሮ ይኖራል፤ የሚፈታውም ኖራው ነው።

እነሆ፥ ሊቃውንት በብዙ ድካም የደረሱበትን ነገር የሜክሲኮ እናቶች ስሙን ሳያውቁ በምጣዳቸው ይሠሩበት ነበር። እንግዲህ ከባዕድ አገር እህል የሚቀበል ሁሉ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ባለሙያዪቱንም ይጠይቅ።