በነፃ የመጣው ካላንደር

የማስታወቂያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሰጪው ዐይን ነው። ድርጅቱ ምን አሳተመ፣ ስንት ብር አወጣ፣ ስንት ደንበኛ አፈራ ይባላል፤ በነፃ የታደለው ዕቃ ከቤት ከገባ በኋላ ምን ሥራ ላይ ዋለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እስክሪብቶው፣ ኮፍያው፣ ጃንጥላው፣ አጀንዳው ሁሉ የየራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ግን የግድግዳ ካላንደርን ያህል ሥር የሰደደ የለም። ባንኩና ኢንሹራንሱ ካላንደር የሚያድሉት ስማቸው ዓመቱን ሙሉ እንዲታይ ብለው ነው፤ ካላንደሩ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት የወሰነው ግን፣ እኔ እንደማምነው፣ ተቀባዩ ቤተሰብ ነው። የድርጅቱ ስም ግድግዳ ላይ ቦታ ያገኘው ካላንደሩ ለቤቱ ሥራ ስለታዘዘ ነው።

ይህ ዓይነቱ ስጦታ ሲጀመርም ነገሩ እንዲሁ ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሾክተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጃስፐር ሚክ የተባለ የጋዜጣ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከጋዜጣው ሌላ ለማተሚያ መኪናው ሥራ ይፈልግ ነበር። ካንትዌል ለሚባል ጫማ ቤት ከጆንያ ጨርቅ በተሠሩ የተማሪ ቦርሳዎች ላይ የመደብሩን ስም አተመለት፤ ባለመደብሩም ቦርሳዎቹን ለልጆች በነፃ አደለ። ልጆቹ መጽሐፍ መያዣ ያስፈልጋቸው ነበርና የጫማ ቤቱ ስም ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በየመንገዱ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ አይዋ ግዛት ውስጥ በሬድ ኦክ ከተማ ኤድመንድ ኦስቦርንና ቶማስ መርፊ የተባሉ የጋዜጣ ሰዎች የከተማቸውን የፍርድ ቤት ሕንፃ ሥዕል ከቀን መቁጠሪያና ከነጋዴዎች ማስታወቂያ ጋር አንድ ላይ አትመው አወጡ። ሥዕሉ ዐይን ይስባል፤ ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳ እንዳይወርድ ያደረገው ግን ቀን መቁጠሪያው ነው።

በእኛ አገር ቀን ማወቅ ከዚያም የከበደ ጉዳይ ነው። ከዓመቱ በዓላትና አጽዋማት ብዙዎቹ ቋሚ ቀን የላቸውም። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አይዘገይም። ይህን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ አበቅቴውንና መጥቅዑን አስልቶ በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚናገረውም የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው። በዘመን መለወጫ የዓመቱ ሒሳብ በቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ ምእመኑ ሰምቶ ይይዛል፤ የረሳም የነፍስ አባቱን ይጠይቃል። የታተመው ካላንደር ይህን ሒሳብ አምጥቶ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ስሌቱ ዛሬም የሊቃውንቱ ነው፤ ውጤቱን ለማየት ግን ፊደል መቁጠር ይበቃል። አራተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ለአያቷ ታነብላቸዋለች።

ለዚህ ሁሉ ማተሚያ ቤትና ስሙን ለማስተዋወቅ የሚከፍል ድርጅት ያስፈልግ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ከወረሰ በኋላ ግን ደንበኛ ለመሻማት የሚያበቃ ብዙ ምክንያት አልነበረም። ነገሩን የለወጠው በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክና ኢንሹራንስ እንዲቋቋም የፈቀደው ሕግ ነው። አዋሽ በ1987፣ ዳሸንና አቢሲኒያ በ1988 ዓ.ም. ተከተሉ፤ ሌሎችም መጡ። ሁሉም ስማቸው በሕዝብ አፍ እንዲገባ የሚፈልጉ አዲስ ተቋማት ነበሩ። ቤተሰቡም በበኩሉ ያማርጥ ጀመር። ባንክ የሚሠራ ዘመድ ያለው በጳጉሜን ደውሎ «አደራ፣ ካላንደር እንዳትረሳኝ» ይላል፤ ሁለት ሦስት የደረሰው ደግሞ የሚሻለውን ሳሎን ሰቅሎ ሌላውን ለጎረቤት ይሰጣል።

የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዲቱን የቀን ሳጥን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። መሐሏ ላይ የኢትዮጵያው ቀን በትልቁ ተጽፏል፤ ጥጓ ላይ የፈረንጁ ቀን በትንሹ አለ፤ ከሥር ደግሞ በደቂቅ ፊደል «ሚካኤል»፣ «ገብርኤል»፣ «ማርያም»፣ «ጊዮርጊስ» ይላል። የፈረንጁ ቀን ለኤምባሲ ቀጠሮ፣ ለአውሮፕላን ትኬት፣ ውጭ አገር ላለ ልጅ ልደት ያስፈልጋል። የቅዱሳኑ ስም ለማኅበሩና ለጽዋው ነው። የሙስሊሞች በዓላት በጨረቃ ስለሚውሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ይቀድማሉ፤ ስለዚህ ቀኑ ሊለወጥ እንደሚችል ማስታወሻ ይጻፍላቸዋል። የሕዝብ በዓላትን የሚለየው ቀዩ ቀለም የመንግሥት ነው፤ መንግሥትም በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። በንጉሡ ዘመን የልደታቸው ሐምሌ 16 እና የዘውዱ ጥቅምት 23 ይከበሩ ነበር፤ በደርግ ጊዜ መስከረም 2 መጣ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግንቦት 20። ዒዶቹንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል ያደረገው ደርግ መሆኑም ሊመሰገን የሚገባው ነው። መንግሥታት ሲፈራረቁ ግን 12 ላይ ያለው ሚካኤል ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ድርጅቶቹም ከዓርማቸው ጎን ለጎን ያትሙታል። ባንክ ሚካኤልን የሚዘክርበት የንግድ ምክንያት የለውም፤ የቤቱ ባለቤት የምትፈልገው ስለሆነ ብቻ ነው የሚያትመው።

ቤት ከገባ በኋላማ ካላንደሩ መዝገብ ይሆናል። አጠገቡ ሚስማር ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶ ይንጠለጠላል። የዕቁብ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ይከበባል፤ የዕድር ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የሕፃኑ ክትባት፣ ጋዙ የተቀየረበት ቀን ይጻፋል። በዱቤ የሚመጣ ወተት በየቀኑ ሳጥን በጭረት ይያዝና በወር መጨረሻ ይደመራል። ዶሮ የታቀፈችበት ቀን ምልክት ይደረግበታል፤ 21 ቀን ቆጥሮ ጫጩት መጠበቅ ነው። ዓመቱ ሲያልቅም ሥራው አያልቅም፤ ይልቁንም እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያመጣው መልካም አጋጣሚ አለ። ካላንደሩ የሚያረጀው በጳጉሜን መጨረሻ ነው፤ ተማሪ አዲስ ደብተር የሚገዛው በመስከረም ነው። ወፍራሙና አንጸባራቂው ወረቀት ደብተር ለመሸፈን ከጋዜጣ ይበልጣል፤ በቶሎ አይቀደድም፣ ውኃም አያስገባም። ጀርባው ነጭ ከሆነ ወደ ውጭ ይገለበጥና ስም፣ ክፍልና የትምህርት ዓይነት ይጻፍበታል። የላሊበላ ወይም የፋሲል ሥዕል ያለበት ገጽ ግን ለሚወደደው ትምህርት ይቀመጣል። የተረፈው በጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አቧራ ይከለክላል።

ይህ ሁሉ የድህነት ውጤት ነው፤ ሌላ ስለሌለው ነው ሰው የተሰጠውን ሁሉ የሚጠቀመው የሚል ይኖራል። ድህነት ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ በተለይ በደብተር ሽፋኑና በግድግዳው ልጣፍ ላይ። ግን ካላንደሩ የተሰቀለው በባለ ቪላውም ሳሎን፣ በሐኪሙም ክፍል፣ በሆቴሉም መቀበያ ነው። ችግር ብቻ ቢሆን ደግሞ ሁሉም የነፃ ዕቃ እኩል በተያዘ ነበር። በስብሰባ የታደለ ቲሸርት ለመኝታ ይለበሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ወለል መወልወያ ይሆናል፤ ያተመውን ድርጅት ማንም አያስታውሰውም። ካላንደር ግን በክብር ይሰቀላል። አጽዋማቱን ያልያዘ፣ ሥዕሉ ብቻ ያማረ ካላንደር መጥቶ ቢሆን ደግሞ መስከረምን ሳይጠብቅ ደብተር ላይ ይውል ነበር። ይህ የመምረጥ ሥራ ነው፤ መምረጥም የባለቤትነት ምልክት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቤተሰቡ ሳያውቀው የድርጅቱ ነፃ ማስታወቂያ ሰቃይ ሆኗል፤ ልጁ ፊደል የሚቆጥረው የባንክ ስም እያነበበ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ወጪው ባይመለስ ኖሮ ባንኮቹ በየዓመቱ ባላሳተሙ ነበር። እንዲህም ሆኖ ስምምነቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ባንኩ አንድ መስመር ስም፣ ስልክና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያገኛል፤ ቤተሰቡ 13 ወር ሙሉ የሚያገለግለው ዕቃ ያገኛል፤ አሳታሚው ቅር ካሰኘው ደግሞ በሚቀጥለው መስከረም የሌላውን ይሰቅላል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚመጣ ማስታወቂያ ለአድማጩ እንዲህ ያለ ሥልጣን አይሰጥም።

ስልክ መጥቶ ካላንደርን አስቀርቷል የሚሉም አሉ። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች መኖራቸው ደስ ያሰኛል፤ ለብቻው ለሚኖር ወጣት ይበቁታል። ስልክ ግን የአንድ ሰው ነው። የወተቱን ጭረት እናት ትሠራለች፣ አባት ይደምራል፣ የቤት ሠራተኛዋ ታረጋግጣለች፤ ይህ ሁሉም በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ እንጂ በኪስ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የአበሻ ግሮሰሪዎችና ምግብ ቤቶችም ስልክ በሞላበት አገር ለደንበኞቻቸው ካላንደር ያድላሉ። እዚያ ሥራውም ትምህርት ቤቱም በፈረንጁ ቀን ስለሆነ አንዳንዶቹ ከጃንዋሪ ይጀምራሉ፤ ትልቁ ቁጥር የፈረንጁ፣ ትንሹ የእኛ ይሆናል። የጾሙና የበዓሉ ቀን ግን አይቀርም፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ የማይነግር ካላንደር ያደለ ባለሱቅ ስሙን በራሱ ደንበኞች ወጥ ቤት ውስጥ ማሰቀል አይችልም።