ጎርፉ ሲቀር መሬቱም ይቀራል፦ የካሮዎች ጉዳይ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ካሮ ተብለው የተመዘገቡት ግን 1,500 እንኳ አልሞሉም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጠዋት ለሰልፍ የሚያቆመውን ያህል ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በ2011 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለውም ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬም የካሮ ነገር ሲነሳ የሚጠቀሰው ያው አሮጌ ቁጥር ነው።

በቁጥሩ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኦሞ ሸለቆ ክርክር በተነሳ ቁጥር «ለጥቂት ሺህ ሰው ሲባል አገር ይቁም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በኩራዝ የሚያጠና ልጅ ያለው ገበሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ችግሩ፣ ጥያቄው ሰውን ቆጥሮ መሬቱን መርሳቱ ነው። የካሮን ጉዳይ ለመረዳት ከመልክዓ ምድሩ መነሳት ያስፈልጋል።

ኦሞ ከደጋው የሚወርዱትን ጊቤን፣ ጎጀብንና ሌሎችንም ሰብስቦ፣ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከወንዞች ከሚያገኘው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው። ወንዙ እዚያ እንደሚያልቅ ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦተጎ ያረጋገጠው በ1888 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እዚያው ደርሶ የምኒልክን ባንዲራ ተከለ። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች አብሮ ዘምቶ ስለነበር ያየውን ጽፎ አስቀርቷል። የኦሞ ዳር ሰው ወደ ካርታችን የገባው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጦር፣ ከዚያ ባንዲራ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የቆጠራ ቅጽ።

የካሮ ዋና ዋና መንደሮች ዱስ፣ ላቡክና ኮርቾ ሲሆኑ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛሉ። በምሥራቅ ሐመር፣ ከወንዙ ማዶ ኛንጋቶም፣ ወደ ሰሜን ሙርሲ አሉ። ቋንቋቸው ለሐመርኛ በጣም ቅርብ ነው። ኮርቾ ኦሞ እንደ እባብ የሚጠማዘዝበትን ቦታ ከገደል አናት ቁልቁል ያያል። ቱሪስቱ ገላቸውን በነጭ አፈር የተቀቡትን ወጣቶች ፎቶ የሚያነሳው እዚያ ነው። ፎቶው ላይ ወንዙ ለጌጥ ከኋላ ይታያል፤ ኑሮው ያለው ግን እሱ ላይ ነው።

አገሩ ቆላ ነው። ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ቀኑንም አያከብርም። በወንዙ ዳር ጫካ የቆላ ዝንብ ስላለ ገንዲ ከብት አያስረባም። እነዚህ ሰዎች ታዲያ በምን ኖሩ? በደጋው ክረምት ኖሩ። በሐምሌና በነሐሴ ጅማና ሸዋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ኦሞን ይሞላዋል፤ ወንዙ ዳርቻውን ያለብሳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። ካሮዎች እዚያ እርጥበት ላይ በመቆፈሪያ እንጨት እየወጉ ማሽላ ይዘራሉ። ሌላ ዝናብ ሳያስፈልገው ማሽላው ይደርሳል። ማዳበሪያ የለም፣ በሬ የለም። የጣና ዳር ሰው «ባህር ሸሽ» የሚለውን መሬት የሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ማሽላው ደግሞ የካሮ ብቻ አይደለም። ሐመር ፍየሉን ይዞ መጥቶ በእህል ይለውጣል፤ ሰማይ በጨከነበት ዓመት ወንዝ ዳር ያለው እህል የአርብቶ አደሩ መጠባበቂያ ነው። 1,500 የሚለው ቁጥር ይህንን አይነግረንም።

በ2007 ዓ.ም. ጊቤ 3 ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታህሣሥ 2009 ተመረቀ። 1,870 ሜጋ ዋት ነው፣ ትልቅ ሥራ ነው። ደጋፊዎቹ የሚያነሱት አንድ ከባድ ማስረጃም አለ፦ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ድንገት ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ገድሏል። ይህን ያየ ሰው ጎርፉ ይገራ ቢል አይፈረድበትም። ግን ገዳዩም ጎርፍ አብላዩም ጎርፍ የሚመጣው በአንድ ወንዝ ነው፤ ግድቡ ሁለቱንም ያዘ። በእቅዱ ላይ በየዓመቱ ለአሥር ቀን ያህል ውኃ ተለቆ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚኖር ተጽፎ ነበር። ታችኛው ተፋሰስ ያየው ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚፈስ ወንዝ ነው። ለተርባይን መልካም ነው፤ ደለል ግን አያለብስም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሮች ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጠበቃ ቢቆም የካሮን ጉዳይ በዚህ አንቀጽ እንዴት ይከራከራል? ማንም በመኪና ጭኖ ከዱስ አላስወጣቸውም። ቤታቸው ባለበት ነው። በየዓመቱ ከውኃ ውስጥ ይወጣ የነበረው ማሳ ነው ያልወጣው። የካሳ ደንባችን እንዲህ ያለውን መሬት አያውቀውም፤ ካርታ ላይ ሲለካ የወንዝ ዳርቻ ነው፣ ባለቤት የለውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለስኳርና ለጥጥ ሰፋፊ መሬት ተከልሎ ነበርና፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሌላ ቦታ ማረስም እንደ ድሮው አይደለም። መስኖ ይሰጣቸው ይባላል፤ ይሁን። ግን ፓምፕ ነዳጅ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል። ደለሉ ይመጣ የነበረው በነፃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ አንዱ ምክንያት ይኸው ግድብ ነበር። አዞውና ወፉ መዝገብ አገኙ፤ ማሽላው አላገኘም።

ግድቡ ይፍረስ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ጥያቄው የውኃ አለቃቀቅ ነው። ከጊቤ 3 በታች ደግሞ ኮይሻ እየተገነባ ነው። ሁለቱ ግድቦች አንድ ላይ ሲሠሩ በነሐሴ መጨረሻ ስንት ውኃ፣ ለስንት ቀን እንደሚለቀቅ የሚወስን ሰነድ መውጣቱ አይቀርም። ሰነዱ ላይ ዱስ፣ ላቡክና ኮርቾ በስማቸው ይጻፉ፤ የሚለቀቅበት ቀንም ከመስከረም በፊት ለሽማግሌዎቹ ይነገራቸው፤ ዘር የሚያዘጋጁት ያን ጊዜ ነውና።