አምቦ ውሃ ይዘን አምቦ ሄድን

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ እሁድ ጠዋት በ12 ሰዓት ሃያ ምናምን ሰዎች ሆነን በአንድ ኮስትር ተሳፈርንና ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ወጣን። ጉዞው ደርሶ መልስ ነው። አስጎብኚ አለው፣ ምሳ አለው፣ ሙዚቃ አለው። ማስታወቂያው «ታሪካዊቷን አዲስ ዓለም ጎብኝተን፣ አምቦ ፍል ውሃ ዋኝተን፣ ማታ ቤታችን» ይላል። ሦስቱም ቃል በቃል ተፈጽሟል፤ በአዘጋጆቹ ቅሬታ የለኝም።

ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ሳጥን ተጭኖ ነበር። ሆለታን እንዳለፍን አንዱ ልጅ ሳጥኑን ሳብ አድርጎ ጠርሙስ ማደል ጀመረ። አምቦ ውሃ ነው። ጠርሙሱ በእጄ ከገባ በኋላ ነው ነገሩ የታየኝ፦ ውሃው ከአምቦ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ገብቷል። እኛ ከአዲስ አበባ ገዝተን፣ በመኪና ጭነን፣ መልሰን ወደ አምቦ እየወሰድነው ነው። ለጎረቤቴ ነገርኩት፤ ሳቅን። «ለቀባሪው አረዱት» አለኝ።

ያን ጊዜ ሳቅሁ እንጂ፣ ቆይቶ ሳስበው የመንገዱ ታሪክ በሙሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው ኤጄሬ ይባላል። ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። አስጎብኚያችን ከአጥሩ ሥር ሰብስቦን «ይህቺን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ሙዚየም አላት፤ ሃያ አምስት ደቂቃ አላችሁ» አለን። ፎቶ ተነሣን፣ ሙዚየሙን አየን፣ ተሳፈርን።

ልጁ የተናገረው ሐሰት የለበትም። ግን ዋናውን ዘለለው። እዚያ ኮረብታ ላይ ምኒልክ መጀመሪያ ያሰቡት ቤተ መንግሥት ነበር። አዲስ ዓለም ስሟ እንደሚለው አዲስ ዋና ከተማ ልትሆን ነበር። ነገሩ ቢሳካ ኖሮ ዛሬ እኛ ከዚያ ተነሥተን «ታሪካዊቷን አዲስ አበባን» ለመጎብኘት የምንመጣ ሰዎች ነበርን።

ለምን አሰቡት? ለምንስ ተዉት? እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

የድሮ ነገሥታቶቻችን ከተማ ድንኳን ነበር ማለት ይቻላል። እንደ ጎንደር ያለ ረጅም ዘመን የጸና መናገሻ ቢኖርም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ቤተ መንግሥት ማለት የሚንቀሳቀስ ሰፈር ነበር። ንጉሡ አንድ ቦታ ይሰፍራል። ከእሱ ጋር መኳንንቱ፣ ሠራዊቱ፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ ጠጅ ጣዩ፣ የጋማ ከብቱ ሁሉ ይሰፍራል። ያ ሁሉ ሕዝብ በቀን ስንት ምጣድ እንደሚያሰማ አስቡት። መጀመሪያ የሚያልቀው እንጨት ነው። የቅርቡ ዱር ይመነጠራል፣ እንጨት ለቃሚው በየቀኑ የበለጠ ይርቃል፣ ግጦሹ ያልቃል፤ ከዚያ ሰፈሩ ይነሣል። እንጨትና ሣር ወዳለበት ይሄዳል።

ምኒልክም በዚሁ ልማድ ያደጉ ንጉሥ ናቸው። አንኮበር፣ ልቼ፣ ከዚያ እንጦጦ። እንጦጦ ለጠላት አይመችም፤ ለኑሮም አይመችም። ብርዱ ብርድ ነው፣ ነፋሱ ነፋስ ነው፣ ስንቁ በአህያና በሰው ጀርባ ዳገት መውጣት አለበት። ከሥር ደግሞ ሜዳው ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ኦሮሞዎቹ ቦታውን ፊንፊኔ ይሉታል። ማዕድን ያለውን ውሃ ከብት እየነዱ የሚያጠጡበት ሆራ ነው። ይህን ላስምርበት፦ ሥፍራው ባዶ አልነበረም፤ ስምም፣ ባለቤትም፣ ከብትም ነበረው።

ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ እየወረደ በፍል ውሃው ይታጠብ ጀመር። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ የዛሬዋ ዋና ከተማችን የተመሠረተችው ከምንጭ አጠገብ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም የነገሡት ገና በእንጦጦ ማርያም ነበር፤ ልብ ግን ወደ ታች ወርዷል።

አሥር ዓመት ያህል አለፈ። የዓድዋ ድል በ1888 ዓ.ም ሆነ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ሩሲያ፣ የተሸነፈችው ኢጣሊያ ራሷ ሳትቀር መልእክተኞቻቸውን ልከው አዲስ አበባ ላይ ተቀመጡ። ከተማዋ ሰው ሞላት። ሰው ሲሞላ ደግሞ ያው የድሮው ችግር መጣ፦ እንጨት አለቀ። በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ሄደ። እንጨት ፍለጋው እስከ መናገሻ ዱር ድረስ ርቆ ነበር።

ምኒልክ አባቶቻቸው የሚያደርጉትን ለማድረግ ተነሡ። በ1893 ዓ.ም አካባቢ አዲስ ዓለም ላይ ሥራ ተጀመረ። ቤተ መንግሥት ይሠራ ጀመር፣ ወደዚያ የሚወስድ ዘመናዊ መንገድ ተቀየሰ። በአገራችን ዘመናዊ ከሚባሉት መንገዶች ከቀደምቶቹ አንዱ እኛ በኮስትር የሄድንበት መሥመር ነው። መንገዱ የተጠረገው ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ለማውጣት ነበር።

ሆኖም ከተማው አልወጣም። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የውጭ መልእክተኞቹ ገንዘብ አፍስሰው ግቢ ሠርተዋልና መነሣት አልወደዱም። መኳንንቱም እንደ ድንኳን የማይጠቀለል ቤት ሠርተዋል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ዛፍ መጣ።

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም አካባቢ ነው የገባው። ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ እንደሆነ ይነገራል። መገኛው አውስትራሊያ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጽድ ተክሎ እንጨት የሚቆርጠው የልጅ ልጅ ነው፤ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ግን ራሱ ይቆርጣል። ውሃ ይጠጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም መሠረት የለውም አይባልም። ያም ሆነ ይህ አዲስ አበባን ከመነሣት ያዳናት እሱ ነው። እንጦጦ በባሕር ዛፍ ለበሰ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ደግሞ ለማርያም ተሰጠና ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አስጎብኚያችን የዘለለው ይህንን ነው። በእኔ አስተያየት በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከታላላቅ መታጠፊያዎች አንዱ ነው፤ ጦርነት ስላልነበረበት ብቻ ብዙ አይወራለትም። እስከዚያ ድረስ ቤተ መንግሥት እንጨትና ውሃ ወዳለበት ይሄድ ነበር። ከአዲስ ዓለም በኋላ ቤተ መንግሥት ቁጭ አለ፤ እንጨቱና ውሃው ወደ እሱ ይመጣ ጀመር። ከተማን ለማውጣት የተሠራው መንገድ ወደ ከተማ ማስገቢያ ሆነ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «እንጨቱ ይመጣል» ስንል በራሱ እግር አይመጣም። በእንጦጦ ቁልቁለት በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ሸክም ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከተማዋ ተነሥታ ከመሄድ የዳነችው፣ በሌላ አነጋገር፣ በእነዚህ እናቶች ጀርባ ነው። የምኒልክ ሐውልት አለን፣ ደግም ነው። ለእንጨት ተሸካሚዋ ግን አንድ ጥርብ ድንጋይ እንኳ የለንም።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። አምቦ የደረስነው ለምሳ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የምትርቀው። በጃንሆይ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር፤ የሕይወት አገር ማለት ነው። ስሙ አልዘለቀም፤ የቀደመው አምቦ አሸነፈ።

የአምቦ ውሃ ራሱ እየፈላ የሚወጣ ነው። ብዙ ሰው ጋዙ በፋብሪካ ብቻ የሚጨመር ይመስለዋል። የዝናብ ውሃ ወደ ጥልቅ ዐለት ይሰርጋል። አካባቢው የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነ ከታች የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የመሳሰሉት ማዕድናትም ከዐለቱ ይገባሉ። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙ ይለቀቃል፣ ያ የምታውቁት «ጭስስ» ይመጣል። እረኛው ይህን ኬሚስትሪ ሳይማር ከብቱን ሆራ ያጠጣ ነበር፤ ከብቱ እንደሚወደው ያውቃልና። ልክ እንደ ፊንፊኔው።

በ1922 ዓ.ም አካባቢ ይህ ውሃ በጠርሙስ ይታሸግ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱም መንግሥቱም ስንት ጊዜ ተለዋውጧል፤ ጠርሙሱ ግን ከየገበታችን ጠፍቶ አያውቅም። ክትፎ ከበላን በኋላ የምንጠራው የከተማ ስም ነው። ሌላ ፋብሪካ ያሸገውን እንኳ «አንድ አምቦ» ብለን እናዛለን። አሁን ሁለቱን ምንጮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። በ1879 ቤተ መንግሥቱ ወደ ፊንፊኔ ምንጭ ወረደ። በ1922 የአምቦ ምንጭ በጠርሙስ ሆኖ ወደ ከተማው መጣ። በመካከል ያለችው አዲስ ዓለም ናት።

እኛ በመዋኛው ለብ ያለ ውሃ ስንንቦጫረቅ ዋልን። ስንወጣ በር ላይ የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለት ገዛሁና «እናቴ፣ ገበያ እንዴት ነው? እሁድ እሁድ እንግዳ ይበዛል አይደል?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ይበዛል ልጄ። ግን ምሳችሁንም ጭናችሁ ነው የምትመጡት፤ ውሃውንም ጭናችሁ ነው የምትመጡት። ለኛ የምትተዉት ጠርሙሱን ነው።»

ስድብ አልነበረም፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ኮስትሩ ውስጥ ገብቼ ስቆጥር፣ እኔ በአምቦ ከተማ ያወጣሁት ገንዘብ የመዋኛው መግቢያና ሁለት በቆሎ ነው። አስጎብኚው ከአዲስ አበባ፣ ሾፌሩ ከአዲስ አበባ፣ ምሳው ከአዲስ አበባ፣ ሙዚቃው ከአዲስ አበባ።

«ታዲያ ፋብሪካው ሥራ አልሰጠም? የአምቦን ስምስ አገር ያወቀው በጠርሙሱ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሰጥቷል፣ አሳውቋልም። ባሕር ዛፉም ለስንት ገበሬ የትምህርት ቤት ወጪ ሆኗል። ከተማና ገጠር መገበያየታቸው ኃጢአት ነው አላልኩም። እኔ የምለው፣ አዲስ አበባ የቆመችው በአንድ ቀን የጣይቱ ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ እንወቅ ነው። ቆማ የቀረችው በዙሪያዋ ያለው አገር እንጨቱንም ውሃውንም ወደ እሷ ስለላከ ነው፤ ዛሬም ስለሚልክ ነው። ስለ ከተማዋ ስም ስንከራከር ውለን የምናድረውን ያህል፣ ከተማዋ ስለምትኖርበት ዕዳ አንድ ሰዓት ብናወራ ብዙ ነገር ይቀለን ነበር።

መንገዱ ሰላም ሆኖ እንዲህ ያለ ጉዞ የምትሄዱ ሁሉ፣ ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። አዲስ ዓለም ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ አይበቃምና አንድ ሰዓት ጠይቁ፤ ኮረብታው ላይ ቆማችሁ «ዋና ከተማ እዚህ ቢሆን ኖሮ» ብላችሁ አንዴ ዙሪያውን እዩ። አምቦ ላይ የከተማውን ልጅ አስጎብኚ አድርጉ፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደባት ቦዳ ወዴት እንደሆነች የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ከተቻለም አንድ ሌሊት እደሩ። ካልተቻለ ምሳችሁን እዚያው ብሉ።

ውሃውንስ? ውሃውን እባካችሁ እዚያው ግዙት።

በዚህ መንገድ የሄዳችሁ፣ ወይም አያቶቻችሁ ስለ አዲስ ዓለም ያወሯችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።